ማርያም የሌለችበት ዳገት

ላሊበላ፣ ኅዳር 9 ቀን 1972 ዓ.ም.

የሺ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ቤተ ሙከራው፣ የተሰነጠቀው መስኮት፣ ያች ዘላለም የምታንጠባጥብ ቧንቧ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ ደኅና ነኝ። ብርዱን ረስቼው ነበር፤ እሱ ግን አልረሳኝም።

አላለቀስሁም። ለጠየቅሽኝ መልሱ ይኸው ነው። ሌላው ሰው ሲቀጣ በረሃ ይላካል፤ እኔን ወደ አባቴ ቤት ላኩኝ። አሁን ላሊበላ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። አለቃችን ጓድ አራጋው የጭስ መለኪያ መመሪያዬን ወስዶ በራሱ ስም ማውጣቱን እንኳ ትቼዋለሁ፤ ስሜን ይውሰደው። የሚያንገበግበኝ ዋናውን ክፍል ቆርጦ መጣሉ ነው። መኪናን ግቢ ውስጥ አቁሞ፣ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ጭሱን ለክቶ «ንጹሕ ነው» ማለት፣ የተኛ ሰው ትንፋሽ አዳምጦ ይህ ሰው ዳገት ሲወጣ አያለከልክም እንደ ማለት ነው ብዬ ነበር የጻፍሁት። ጭስ የሚለካው መኪናው ጭነቱን ተሸክሞ በመንገዱ ላይ ሲሄድ ነው ብዬ። ምን እንዳለኝ ታስታውሻለሽ? «የላስታ ሰው ስለሆንሽ ዳገት ብቻ ነው የሚታይሽ።» ከዚያ ወደ ዳገቱ ላከኝ። እግዜር ይስጠው።

እንግዲህ ያ የተቆረጠው ክፍል ሰው አሳስሯል። የእህቴን የአሰለችን ባል፣ አያ ደባሱን ታውቂዋለሽ፤ አዲስ አበባ ሲመጣ ነጭ ማር ያመጣልን የነበረው ረጅሙ ሹፌር። ከወልድያ ወደ ሙጃ እህል ያመላልሳል። መኪናው የሙጃን ዳገት ሲወጣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ናፍጣውም ከተመደበለት በፊት ያልቃል። ወልድያ ግቢ አቁመው ሲለኩት ግን ንጹሕ ሆነ። «ቆሞ ንጹሕ ከሆነ፣ በመንገድ የሚያጨሰው ሹፌሩ የናፍጣውን ፖምፓ እየነካካ ስለሚያዛባው ነው፤ ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው» አሉ። ማስረጃቸው ምን መሰለሽ? የጓድ አራጋው መመሪያ። የኔው መመሪያ፣ የሺ! ግማሹ።

አሻጥረኛ የተባለ ሰው ዛሬ ምን እንደሚያገኘው አልጽፍልሽም። አሰለች ስንቅ ልታቀብል በሄደች ቁጥር፣ የምትመለሰው የሱን ልብስ ይዛ ይሆን እያልሁ መንገድ መንገዱን አያለሁ።

ያችን ጭሱን ስባ ወረቀት ላይ የምታስቀረውን የእጅ መሳቢያ እፈልጋታለሁ። ከነክብ ነጫጭ ወረቀቶቿ፣ ከነጥቁረት ማነጻጸሪያ ካርዷ። የምጠይቅሽ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው የምጠይቅሽ።

አመተ ጊዮርጊስ

---

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 25 ቀን 1972 ዓ.ም.

አሜ፣ ልበ ደረቋ፣

ይህን የሚያደርስልሽ ሹፌር አንድ ቅርጫት ይሰጥሻል። ከላይ ዳቦ ቆሎ ነው፤ ከሥር ሌላ ነው። ዳቦ ቆሎውን ለአባትሽ ለመሪጌታ ስጪልኝ፣ ጉልበታቸውንም ሳሚልኝ። የሥረኛውን ግን እንዳትሰጫቸው፤ ጸናጽል መስሏቸው ማኅሌት ይዘውት ይገቡና ጉድ እንሆናለን።

እንዴት አወጣሽው አትበይኝ። ወጣ።

ጓድ አራጋውማ በመመሪያሽ ተሸልሟል። ሲጨበጨብለት እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምሁ። «ምነው፣ ብርድ ነው?» አለኝ ከጎኔ ያለው። «አይ፣ ጭብጨባው የሰው ነው» አልሁት።

ሁለት ነገር አትርሺ። የጎማው ቱቦ የመንገድ ሙቀት አይችልም፣ ይቀልጣል፤ መዳብ ፈልጊለት። ደግሞ ሁልጊዜ እኩል ሳቢ፤ አንዴ ረጅም አንዴ አጭር ከሳብሽ ልዩነቱ የጭሱ ሳይሆን የክንድሽ ነው የሚሆነው።

ስለ ራሴ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። አሁን ቸኩያለሁ።

የሺሃረግ

---

ላሊበላ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1972 ዓ.ም.

የሺዬ፣

እጅሽ ይባረክ። ቸኩለሽም ባትቸኩይም ስለ ራስሽ አንዲት መስመር መጻፍ አልነበረብሽም? ዝምታሽን አልወደድሁትም። ለጊዜው ግን የምነግርሽ ስለሚያንቀኝ እሱን ላውጣው።

ማን ፈቀደልሽ ትይኝ ይሆናል። ነገሩን የሚያጣራው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ጓድ አባስ ይባላሉ፤ የወልድያ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው እንደ ጭልፊት ነው። ቢሯቸው ገብቼ ያመጣሁትን ስነግራቸው ጠየቁኝ።

«ጭስ ለማየት ዕቃ ምን ያስፈልጋል? ዓይን የለኝም?»

«ዓይንዎ መጥቆሩን ያያል። የማን ጥፋት እንደሆነ ግን አያይም።»

«አንቺስ አይተሽዋል?»

«አላየሁም። ለዚህ ነው መኪናው ላይ ልውጣ የምለው።»

ሳቁ። «የመሪጌታ ልጅ እህል ጭነት ላይ! አብሽሪ፣ ውጪ። ብትወድቂ ግን በኮሚቴው እንዳታመካኚ።»

መኪናውን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። ከጋራዥ ገና የወጣ፣ ፖምፓውን ሹፌር ነክቶት የማያውቅ። ሹፌሩ የሻው ይባላል፤ የአያ ደባሱ ባልንጀራ ነው፤ ጥሩ ሰው፣ ዝምተኛ። ከጎኑ ጓድ ደሴ ተቀመጡ። አያ ደባሱን የከሰሱት እሳቸው ናቸው፣ የመኪናዎቹ ኃላፊ። እኔ ከላይ፣ ስንዴው ጆንያ ላይ፣ ወገቤን በገመድ ታስሬ። ከማርሚታው፣ ከጭስ መውጫው አፍ የመዳብ ቱቦ በሽቦ እያሰርን በጭነቱ ጎን እስከ ጉልበቴ አውጥተነዋል። የገበያ ሰው ቆሞ ይስቃል። አንዷ ሴት «እሷን ነው ወይስ መኪናውን ነው ያሰሩት?» ስትል ሰማሁ።

መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ሳብሁ። ወረቀቱ ነጭ ነው። ጓድ ደሴ ራሳቸውን በመስኮት አውጥተው «ይኸው! የታለ ጭሱ?» አሉ። «ገና አልተነሣንም» አልኋቸው።

ከዚያ ተነሣን፣ የሺ። ዳገቱ ሲጀምር የሳብሁት ወረቀት መሐሉ ዳመነ። ሜዳው ከሥራችን እያነሰ፣ ደመናው ወደ ጎናችን እየወረደ በሄደ ቁጥር ጠቆረ፤ መጀመሪያ እንደ አመድ፣ ኋላ እንደ ምጣድ ቂጥ። ያው መኪና፣ ያው ናፍጣ፣ ያው የሻው። የተለወጠው አየሩ ብቻ ነው። ከፍ ስንል አየሩ ይሳሳል፤ ፖምፓው ግን ይህን አያውቅም፣ ቆላ ላይ የሚሰጠውን ናፍጣ ያንኑ ይሰጣል። ሞተሩ ያገኘውን አየር ያህል ብቻ ያነድዳል፤ የተረፈው ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። እንደ ቆላ ሰው ደጋ ላይ ሲያለከልክ።

ይህንን ሁሉ ከመጽሐፍ አውቀው ነበር። ማወቅ ግን ምንም አልነበረም። አየር አይታይም ተብለን ነው የተማርነው። እኔ መጉደሉን አየሁት። ጭስ ደግሞ ወጥቶ የሚጠፋ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ እዚያ ግን እጄ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። በአንድ በኩል ገደሉ፣ በአንድ በኩል ሰማዩ፣ ጭኔ ላይ ተራራው በራሱ እጅ የጻፈው የሚመስል ወረቀት።  

ቤት ስመለስ ለአባባ አሳየኋቸው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። «ይህ ሁሉ ከእስትንፋሱ የወጣ ነው?» አሉ። አዎ አልሁ። «የኛስ እስትንፋስ እንዲህ ቢሳብ ምን ያሳይ ይሆን?» አሉ። 

አሁን ክፉው። ከወረቀቶቹ አንዱ ነጭ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው መታጠፊያ «ማርያም ጥግ» ይባላል፤ ቤተ ክርስቲያኗ ከመንገዱ በላይ ድንጋይ ላይ ናት። ከበታቹ ያለው ጥቁር ነው፣ ከበላዩ ያለው ጥቁር ነው፤ እዚያ የሳብሁት ግን እንደ ተጠመቀ ልጅ ነጭ። ጓድ ደሴ ከእጄ ነጠቁኝ። «ከሁሉ በከፋው ዳገት ላይ ንጹሕ! እንግዲህ መኪና ሳያጨስ መውጣት ይችላል ማለት ነው። ያጨሰ ሁሉ በሹፌሩ ጥፋት ነው ያጨሰው።» አያ ደባሱን ላስፈታ ብዬ ያመጣሁት ወረቀት ሊያስፈርድበት ነው። የሻውን ባየው ወደ ገደሉ ዞረ። የአባባ ተማሪዎች ተአምር ነው ይላሉ። አልዋሽሽም፤ መጀመሪያ ሳየው እኔም አማትቤያለሁ።

አንድ ጉዞ ለምኜ ተፈቅዶልኛል። ከጥምቀት በፊት። መሳቢያዋ ቀዳዳ ይኖራት ይሆን? ቶሎ ጻፊልኝ።

አመተ ጊዮርጊስ

---

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1972 ዓ.ም.

አሜ፣

መሳቢያዋ ቀዳዳ የላትም። ከመላኬ በፊት በሻማ ጭስ ፈትሻታለሁ። እሷን ተያት።

ተአምር ነው አትበይኝ፤ አይደለምም አትበይኝ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። እዚያ ቦታ ስትደርሱ የሹፌሩ እግር የት ነበር? አንቺስ ምን ታደርጊ ነበር? «እስብ ነበር» አይበቃም። ወረቀቱን ጽፈሽልኛል፣ ደመናውን ጽፈሽልኛል፤ የማርያም ጥግ ላይ ስትደርሺ ግን ደብዳቤሽ ዓይኑን ይጨፍናል።

መልስሽን በአክስቴ በወይዘሮ አልጣሽ በኩል ላኪ፣ ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ሹፌር ቤቷን ያውቃል። ወደ ቢሮ አትላኪ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፤ የምትጠይቂ ከሆነም ከጉዞው በኋላ።

የሺሃረግ

---

ላሊበላ፣ ጥር 9 ቀን 1972 ዓ.ም.

የሺ፣

ዓይኑን ይጨፍናል አልሽ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር!

ደብዳቤሽን አንብቤ የት ነበርሁ ብዬ ሳስብ መጣልኝ። በቀኝ እጄ መሳቢያዋን ስቤ፣ በግራዬ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ አንገቴን ደፍቼ ስሳለም ነበር። ማርያም አይደለችም? ከልጅነቴ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን በኩል ቀና ብዬ አልፌ አላውቅም። ከዚያ ሌላም ነገር ትዝ አለኝ፤ የወፍ ድምፅ ሰምቼ ነበር። በዚያ ሁሉ የሞተር ጩኸት መሐል ወፍ ከየት ተሰማኝ?

የሻውን ቤቱ ድረስ ሄጄ ያዝሁት።

«አያ የሻው፣ ማርያም ጥግ ላይ እግርህን ከነዳጅ መስጫው ታነሣለህ?»

መሬት መሬት አየ። «እታለም፣ ተይኝ።»

«አያ ደባሱ ሊሞት ነው።»

«ግማሽ ነው የማነሣው። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ቀስ እላለሁ፣ መኪናዋ እየተሳበች ትወጣለች። ሁላችንም እንደዚያ ነን፣ ደባሱም። ለእመቤታችን ዕጣን እንጂ የናፍጣ ጭስ ይታጠናል እንዴ?»

«ለምን በኮሚቴው ፊት አልተናገርህም?»

«በጓድ ደሴ ፊት? 'ለቤተ ክርስቲያን ብዬ የመንግሥት መኪና አዘገያለሁ' ልበል? ደባሱን ላስፈታ ገብቼ ከጎኑ እንድታሰር?»

ይኸው ነው ተአምሩ። እግሩን ሲያነሣ ናፍጣው ከቀጭኑ አየር ጋር ይመጣጠናል፤ ሁሉ ይነድዳል፤ ወረቀቱ ይነጣል። እንዲያውም ከጥቁሮቹ ሁሉ የበለጠ የሚመሰክር ይህ ነጩ ነው። ግን ማን ያምነኛል? በማርያም ጥግ አንዴ በሙሉ እግር፣ አንዴ በግማሽ ወጥቶ ማሳየት ያስፈልጋል። ለየሻው ነገርሁት። ተነሥቶ ቆመ።

«በማርያም ፊት ጭስ አልነፋም። ደባሱ ወንድሜ ነው፤ ራሱ ቢሰማ አትንፋ ይለኛል።»

ሌሎቹንም ሹፌሮች ጠየቅሁ። አንድም የለም። አንዱ «አንቺ የመሪጌታ ልጅ ነሽ ወይስ የማን ነሽ?» አለኝ። ተናድጄ ቤት ገባሁ። ሰውን ከሞት ለማዳን አንዴ እግር መርገጥ! ለአባባ እየጮኽሁ ነገርኋቸው። እሳቸው ግን አልተቆጡም። «የማያደርጉትን እንዲያደርጉ ለምን ትለምኛለሽ? የሚያደርጉትን ሌላ ቦታ እንዲያደርጉት ለምኚ» አሉኝ።

ሌሊቱን ተኛሁ ብልሽ ውሸት ነው። ከማርያም ጥግ በታች አንድ መታጠፊያ አለ፤ ድንጋይና ቀይ አፈር ብቻ፤ ዳገቱ ግን የማርያም ጥግ መንታ ነው። እዚያ አንዴ እንደ ወትሮህ ውጣ፤ ከዚያ ወርደን፣ ማርያም እዚያ ያለች መስሎህ እንደገና ውጣ አልሁት የሻውን።

«የሌለችበትን አለች ብዬ?»

«አባቴ ይህን ስነግራቸው 'የሌለችበት ቦታ የት ነው?' ብለዋል።»

ራሱን አከከ። «መሪጌታ እንዲህ ካሉማ» አለ።

በጉዞው ቀን ጓድ አባስ ራሳቸው መጡ። ከመነሣታችን በፊት የሻው ሁሉንም ተናገረ። ጓድ ደሴ «በአብዮቱ ዘመን ለታቦት ፍሬን ይያዛል?» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ ጓድ አባስ እጃቸውን አነሡ። «እናቴ በሼኹ መቃብር በኩል ስናልፍ አፋችንን በእጇ ትከድነው ነበር። ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ አይጻፍም። ንዳ» አሉት። ጋቢና ገብተው ወለሉ ላይ የየሻውን እግር ብቻ እያዩ ሄዱ።

ከላይ ሆኜ ዓይኔን አልጨፈንሁም። ሁለት ጊዜ ወጣን። ሁለት ወረቀት፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ። አስቀድመሽ ታውቂያቸዋለሽ።

ነገር ግን ሁለተኛውን ስወጣ የሆነውን አታውቂም። የሻው ባዶው መታጠፊያ ላይ እግሩን ሲያነሣ፣ ኮፍያውንም አወለቀ። ሞተሩ ረገበ። ምንም የሌለበት ቀይ አፈር በዚያ ዝግታ ሲያልፍ እንደ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ሆነብኝ፤ አንገቴ በራሱ ጊዜ ተደፋ። መሳቢያዋን ሳወጣ ወረቀቱ ነጭ ነው። ምክንያቱን ከማንም በላይ አውቃለሁ፣ የሺ። ማወቄ ግን ፍርሃቱን አልቀነሰውም፤ ጨመረው።

ጓድ አባስ ወርደው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያዙ። «በዚህ ዝግታ ከሄደ ሙጃ እህሉ መቼ ይደርሳል?» አሉ። «አይደርስም፤ ለዚህ ነው የሚረግጡት። የረገጠ ያጨሳል፤ ከጋራዥ የወጣውም፣ የአያ ደባሱም» አልሁ። ወረቀቶቹን ኪሳቸው ከተቱ። ውሳኔው ገና ነው። አሰለች እህል አትቀምስም።

አሁን ተራሽ ነው። ለምን በአክስትሽ በኩል?

አመተ ጊዮርጊስ

---

አዲስ አበባ፣ ጥር 28 ቀን 1972 ዓ.ም.

አሜ፣

ደብዳቤሽን ለአክስቴ ለእትዬ አልጣሽ አነበብሁላት። «ኮፍያውንም አወለቀ» የሚለው ጋ ስደርስ እልል አለች። ጎረቤት ልጅ የተወለደ መስሎት መጣ።

እሺ፣ እነግርሻለሁ። መሳቢያዋ መጥፋቷ የታወቀው በላክሁልሽ ሳምንት ነው። ጓድ አራጋው «ማን ወሰዳት?» ሲል፣ ሌላ ሰው እንዳይጠረጠር «እኔ፤ ሥራዋ ላይ ናት» አልሁት። ከሥራ ታገድሁ፤ ቀድሜ ብነግርሽ ኖሮ እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አሳሳቡም ይበላሽ ነበር። ይቅርታ አልጠይቅሽም።

አሁን ምደባ ደርሶኛል። ወገል ጤና ከተማ፣ ደላንታ፣ ለአስተማሪነት። ካርታ ላይ ስፈልገው ጥፍሬ ሸፍኖት ነበር። ካንቺ ይርቃል? ብርዱስ? ከሁሉ በፊት ግን፤ አያ ደባሱ?

የሺሃረግ

---

ላሊበላ፣ የካቲት 12 ቀን 1972 ዓ.ም.

የሺዬ፣ እህቴ፣

ምን ልበልሽ? ይቅርታ አልጠይቅሽም ላልሽው፣ እኔም አላመሰግንሽም። ከዚያ በላይ ስለሆነ።

ተፈቷል። «በማስጠንቀቂያ» አሉ። ምን እንዳያደርግ እንዳስጠነቀቁት ማንም አልገለጸም፤ ይቅርታ ያለውም የለም። ፀጉሩ ሸብቷል። አሰለች በር ላይ አይታው፣ ከሱ ኋላ ሌላ ሰው እየፈለገች አልፋው ሄደች፤ ከዚያ ተመለሰች።

ጓድ አባስ ለአዲስ አበባ ጽፈዋል፤ መኪና ሁሉ ጭነቱን እንደያዘ በመንገዱ ላይ ይለካ፣ ለደጋ የሚሠማራውም ፖምፓው ለደጋ ይስተካከል ብለው። «መለኪያውን ማን ሠራ ልበል?» ሲሉኝ ብዕሩን ተቀብዬ ራሴ ጻፍሁት፤ አመተ ጊዮርጊስ ወልደ ኪዳን እና የሺሃረግ ጋሻዬ። «ሁለተኛዋ ማን ናት?» አሉ። «የሹፌሩ እግር የት ነበር ብላ የጠየቀችዋ» አልኋቸው። ጓድ አራጋው ይህን ደግሞ ይቆርጥ ይሆናል። ይቁረጥ። ዳገቱን አይቆርጠው።

ወገል ጤና ሩቅ አይደለም፤ ከኛ በስተደቡብ፣ ገደል ተሻግሮ ነው። ብርዱ ከኛ ይብሳል፤ ወፍራም ጋቢ ያዢ። እስከ ወልድያ ነይ፣ ከዚያ አያ ደባሱ ያወጣሻል፤ አሁን የደላንታን መንገድ ሰጥተውታል። መሳቢያዋን አልመልስልሽም። ይዣት እመጣለሁ። ደላንታም ዳገት አለው፣ እዚያ ጆንያ ላይ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ።

አያ ደባሱ ወደ ሙጃ ለመጨረሻ ጊዜ ሲሄድ አብሬው ወጣሁ። ማርያም ጥግ ላይ እግሩን አነሣ፤ የታወቀ ነው። ግን ከዚያ በፊት፣ የሻው የሆነውን ነግሮት ኖሮ፣ ባዶው ቀይ አፈር ላይ ስንደርስም አነሣ፤ ኮፍያውንም አወለቀ።

«አያ ደባሱ፣ እዚህ እኮ ምንም የለም» አልሁት።

«ለኔ አለ» አለኝ።

መሳቢያዋ ጭኔ ላይ ነበረች፤ አልሳብሁም። ሞተሩ ረግቦ፣ በዚያ በቀጭን አየር ውስጥ የሦስታችንን እስትንፋስ ሰማሁ፤ የሱን፣ የኔን፣ የመኪናውን።

አመተ ጊዮርጊስ